አሳንሶ ማየት፦ የካርታ እስኬልና የሰው ዕውቀት ልክ

የካርታ እስኬል በካርታ ላይ በሚለካ ርቀትና በመሬት ላይ ባለው ርቀት መካከል ያለ ምጥጥን ነው። በሦስት መልክ ይገለጻል፤ አንዳንድ ጊዜ «አንድ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትርን ይወክላል» ተብሎ በቃል ይጻፋል፣ አንዳንድ ጊዜ 1፡50,000 በሚል የንጽጽር ቁጥር ይሰጣል፣ አንዳንድ ጊዜም በካርታው ግርጌ እንደ ማስመሪያ ተከፋፍሎ በተሠመረ መስመር ይታያል። ትምህርት ቤት ውስጥ ጉዳዩ ከዚህ እምብዛም አያልፍም፤ ተማሪው ይለካል፣ ያባዛል፣ መልሱን በኪሎ ሜትር ይጽፍና ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይሻገራል። ይሁን እንጂ ከማባዛቱ አስቀድሞ የተወሰነ፣ በማባዛትም የማይገለጥ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ካርታ ሠሪው የቱን በወረቀቱ ላይ ለማኖር፣ የቱንስ ለመተው እንደ መረጠ ነው። ምድርን ሃምሳ ሺህ ጊዜ ያሳነሰ ሰው በምድር ላይ ያለውን ሁሉ በዚያው ልክ አሳንሶ ማስቀመጥ አይችልም፤ አብዛኛውን መተው ግድ ይሆንበታል። ከዚህም የተነሣ በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ መልስ የማይገኝለት፣ የፍልስፍናና የሃይማኖት ሊቃውንት ግን በሌላ ስም ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ ይመጣል፦ ብዙውን ሳይተው ጥቂቱን እንኳ ሊያውቅ የማይችል ፍጡር፣ ስለ ተወው ነገር የሚጠየቀው መቼ ነው?

ወደዚህ ከመግባት በፊት ብዙ ሰው የሚደናገርበትን ነጥብ ማጥራት ይገባል። ትልቅ እስኬል ያለው ካርታ ትንሽ ቦታን በዝርዝር የሚያሳየው ነው፤ ትንሽ እስኬል ያለው ደግሞ ሰፊ አገርን በጥቂት መስመር የሚያሳየው ነው። የንጽጽር ቁጥሩ ክፍልፋይ ስለሆነ፣ አንድ ለሃምሳ ሺህ ሲካፈል ለሁለት ሚሊዮን ከመካፈሉ የሚበልጥ ውጤት ይሰጣል።

የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያሳትማቸው የነበሩት፣ ዛሬ ኃላፊነታቸው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የ1፡50,000 የመልክዓ ምድር ካርታዎች እያንዳንዱ ሉህ የ15 ደቂቃ ኬክሮስና የ15 ደቂቃ ኬንትሮስ ስፋት ይሸፍናል። ይህም በጉራጌ አካባቢ በእያንዳንዱ ጎን ከ27 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ የሚል ሲሆን፣ በወረቀቱ ላይ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋውን አገር በዚህ ልክ ለመሸፈን በስሌት ከ1,400 በላይ ሉሆች ያስፈልጋሉ፤ ማንም ሰው በአንድ ጊዜ ዘርግቶ ሊያያቸው አይችልም። በ1፡2,000,000 ግን መላው ኢትዮጵያ በ85 ሴንቲ ሜትር ስፋትና በ65 ሴንቲ ሜትር ቁመት ውስጥ ይጠቃለላል፣ በአንድ የቢሮ ግድግዳም ላይ ይሰቀላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በርዝመት 40 እጥፍ፣ በስፋት 1,600 እጥፍ ነው። አንድ ሙሉ ሉህ በግድግዳው ካርታ ላይ ጎኑ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያልበለጠ ትንሽ ካሬ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያች ካሬ ውስጥ ወንዝም፣ ጋራም፣ በሺህ የሚቆጠር ቤትም አለ።

አታትን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። አታት ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከወልቂጤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ ቦታ ናት። የመንገዱ ጥምዝምዝ ተረስቶ ቀጥ ያለ ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ ይህ ርቀት በ1፡50,000 ካርታ ላይ 34 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ1፡250,000 ወደ 6.8 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በ1፡1,000,000 1.7 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡2,000,000 ደግሞ 8.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ካርታ ላይ አታት ቤቶች፣ ጅረቶችና የእግር መንገዶች ያሏት መንደር ናት። በሁለተኛው ላይ አንዲት ነጥብና ስም ናት። በሦስተኛው ላይ ስሟ ሊጻፍም ላይጻፍም ይችላል። በአራተኛው ላይ ግን «ወልቂጤ» የሚለው ጽሑፍ ራሱ አታት ያለችበትን ቦታ ሊሸፍነው ይችላል፤ ትልቁ ከተማ ትንሿን መንደር የሚውጠው በካርታ ሠሪው ክፋት ሳይሆን በፊደሉ ስፋት ነው። ሆኖም ነገሩ በስፋት ብቻ የሚወሰን አይደለም። አታት እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊካውያን የሜዲካል ሚሽን እኅቶች የተመሠረተ ሆስፒታል ያለባት በመሆኗ፣ የጤና ተቋማትን ለማሳየት የተሠራ ካርታ በዚያው በ1፡2,000,000 ልክ ከእርሷ የሚበልጡ የገበያ ከተሞችን ትቶ እርሷን በምልክት ሊያቆማት ይችላል። እስኬል ስንት ነገር እንደሚቀር ይወስናል፤ ማን እንደሚቀር የሚወስነው ግን ካርታው የተሠራበት ዓላማ ነው።

ከዚህ ይልቅ ጠለቅ ያለው መቅረት በጀፎረ ላይ ይታያል። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መካከል የሚዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና ነው፤ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ደጃቸውን ወደ እርሱ ያደርጋሉ፣ እንሰቱም ከየቤቱ ጓሮ ይቆማል። ከብት በጀፎረ ያልፋል፣ ሕፃናት ይጫወቱበታል፣ ሙሽራ ይሸኝበታል፣ ለቅሶ ይቀመጥበታል፣ በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባና ከሌላም ከተማ የተመለሰው ወገን ይገናኝበታል። የግል አጥር እየገፋ እንዳያጠበው የሚጠብቀው የአገሩ ባህላዊ ሕግ ነው፤ በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ የሚባለው የሽማግሌዎች ሥርዓት ከሚያስከብራቸው ነገሮች መካከልም የጋራ የሆነውን የጋራ አድርጎ ማቆየት አንዱ ነው። እንግዲህ የአንድ ጀፎረ ስፋት 40 ሜትር ነው ቢባል፣ በ1፡50,000 ካርታ ላይ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በ1፡250,000 0.16 ሚሊ ሜትር ሆኖ ለዓይን ያስቸግራል። ይሁንና ስፋቱ ቢበቃ እንኳ ጀፎረ በካርታው ላይ አይታይም። በካርታው ጠርዝ የሚገኘው የምልክቶች መግለጫ ለመንገድ፣ ለሕንጻ፣ ለወንዝና ለደን ምልክት ሲያዘጋጅ፣ በሕግ ተጠብቆ ክፍት ለተተወ ሣር ምልክት አላዘጋጀም፤ ስለዚህ የመንደሩ ኑሮ የሚካሄድበት ዋናው ቦታ በወረቀቱ ላይ ነጭ ክፍተት ሆኖ ይወጣል። አካባቢውን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ባለሙያ ያንን ነጭ ቦታ ባለቤት የሌለው ትርፍ መሬት አድርጎ ቢያነበው የሚያስገርም አይሆንም። እስኬልን በማሳደግ ብቻ የማይድን ስሕተት አለ፤ እርሱም አስቀድሞ በዝርዝሩ ውስጥ ያልገባውን ነገር የማየት ጉድለት ነው።

ካርታ ከመተው አልፎ የሌለ ነገር እንደሚጨምርም ሊዘነጋ አይገባም። 7 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ1፡50,000 ልክ በእውነተኛ መጠኑ ቢሣል 0.14 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ለዓይን የሚያስቸግር ቀጭን ክር ይሆን ነበር፤ እንዲታይ ሲባል ግን ወፍሮ ይሣላል። ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ቢሆን በመሬት ላይ 35 ሜትር ያህል ቦታ ወሰደ ማለት ነው፤ በመንገዱ ዳር ያሉት ቤቶችም መንገዱ ላይ እንዳይወድቁ ከእውነተኛ ቦታቸው ገፋ ተደርገው ይነጠባሉ። ካርታ ሠሪዎች ይህን ማጋነንና ማራቅ ይሉታል፤ የሙያው ደንብ ነው፣ ማንም እንደ ማጭበርበር አይቆጥረውም። አውጉስጢኖስ ስለ ሐሰት በጻፋቸው ሁለት ድርሳናት ውስጥ እውነትን አለመናገርና ሐሰትን መናገር የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አጥብቆ ተከራክሯል፤ ለእርሱ የሐሰት ሥሩ ያለው በተናጋሪው ልብ፣ ለማሳሳት በማሰቡ ላይ ነው። በዚህ ሚዛን ከታየ የተወ ካርታ ውሸታም አይደለም፤ ያጋነነውም ቢሆን አንባቢው ደንቡን እስካወቀ ድረስ አላሳሳተም። በግርጌ የተጻፈው ቁጥር ይህን ንጽሕና የሚጠብቅ ቃል ኪዳን ነው፤ ካርታው «ከዚህ በታች ያለውን አልመሰክርም» ይላል። ቁጥሩ የተፋቀበት ካርታ፣ ወይም ተባዝቶ ሲታተም ወረቀቱ አንሶ ወይም ሰፍቶ ሳለ የቀድሞውን ቁጥር እንደ ያዘ የቀረ ካርታ፣ መስመሩ ሁሉ ትክክል ቢሆንም ምስክርነቱ ፈርሷል። በነገራችን ላይ የመስመር እስኬል ከቁጥሩ የሚሻልበት ቦታ ይህ ነው፤ ወረቀቱ ሲያንስ አብሮ ያንሳል፣ ሲሰፋም አብሮ ይሰፋል።

የጥንት ካርታዎች ሁሉ ይህን ቃል ኪዳን አልገቡም። በግእዝ የብራና መጻሕፍት ውስጥ አክሱምን በመሃል አድርገው የአካባቢውን አውራጃዎች በክብ ዙሪያዋ የሚደረድሩ ሥዕሎች ይገኛሉ። እስኬል የላቸውም፤ ከአክሱም አንድ ቀን የሚያስኬደውና ሳምንት የሚያስኬደው አውራጃ እኩል ቦታ ሊይዙ ይችላሉ። በዘመናዊ ዓይን ጉድለት ቢመስልም፣ ሥዕሎቹ ርቀትን ሊነግሩ አልተነሡም፤ የሚነግሩት የትኛው ቦታ ማዕከል እንደሆነና ሌላው በየት አቅጣጫ እንደሚቀመጥ ነው። ለየት ያለ ትምህርት የሚሰጠው ግን የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ የሠራው፣ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው የዓለም ካርታ ነው። ፍራ ማውሮ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ያገኘው ከዚያው አገር ከመጡ የሃይማኖት ሰዎች እንደሆነ፣ እነርሱም አውራጃዎቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ ራሱ መስክሯል። የተነገረው በዝርዝር የበለጸገ ስለነበር የኢትዮጵያ ደጋ በካርታው ላይ አብጦ የምሥራቅ አፍሪካን ሰፊ ክፍል ያዘ። ፍራ ማውሮ አንድን አገር በትልቅ እስኬል አውቆ በትንሽ እስኬል ካርታ ውስጥ አስቀመጠው፤ የሚያውቀው ሁሉ ቦታ ስለ ጠየቀው፣ የማያውቀው አገር ሁሉ ጠበበ። እንዲህ ያለው ነገር በካርታ ብቻ አይወሰንም። የገዛ ወረዳውን ታሪክ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የአገርን ታሪክ ሲጽፍ ወረዳው እንዴት እንደምታብጥ መታዘብ ከባድ አይደለም።

ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ ሁለት ዓይነት ሥራን ለይቶ ነበር፤ አንደኛው ምድርን በሙሉ የሚያሳይ፣ ሁለተኛው አንድን አካባቢ ብቻውን የሚዘረዝር ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ሙሉ ራስን፣ ሁለተኛውን ደግሞ ጆሮን ወይም ዓይንን ለይቶ ከመሣል ጋር አመሳስሎታል። ምሳሌው የተዋጣ ቢሆንም አንድ ነገር ይደብቃል። ጆሮ ከራስ ተለይቶ ቢሣልም መጠኑ የታወቀ ነው፤ በመሬት ላይ ግን መጠን ራሱ በእስኬል የሚለዋወጥባቸው ነገሮች አሉ። የሒሳብ ሊቁ ቤንዋ ማንዴልብሮ እ.ኤ.አ. በ1967 የብሪታንያን የባሕር ዳርቻ ርዝመት ምሳሌ አድርጎ እንዳስረዳው፣ የሚለካበት ዘንግ ባጠረ ቁጥር የሚቆጠረው ሸለቆና ዙሪያ ጥምጥም ይበዛል፣ ርዝመቱም ያለ ማቋረጥ ይጨምራል። ለግቤ ወንዝ ዳርቻም፣ ከጉራጌ ተራሮች ለሚወርደው ገደል ጠርዝም ነገሩ ያው ነው። «እውነተኛው ርዝመት ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ በምን ያህል ዘንግ እንደሚለካ ሳይነገር መልስ የለውም።

በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል ያለው ርቀትም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። በቀጥታ ሲለካ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በግድግዳው ካርታ ላይ ከሦስት ሴንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በመካከሉ ግን ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉራጌ ሰንሰለታማ ተራራ ቆሟል፤ በዚህ በኩል ያለው ውኃ ወደ ግቤ፣ በዚያ በኩል ያለው ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ እንኳ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት የኮንቱር መስመሮች በአብዛኛው በየ20 ሜትሩ ከፍታ ስለሚሠመሩ፣ ከዚያ ያነሰ ጥልቀት ያለው ሸለቆ በሁለት መስመሮች መካከል ወድቆ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። 15 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በክረምት ደራሽ የሚሞላው ሸለቆ ለካርታው እንደሌለ ነው፤ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ለምትወሰድ ሴት ግን የመንገዱ ሁሉ መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

ሃይማኖታዊው ክርክር የሚነሣው እዚህ፣ ነጠላው ነገር ከጥቅሉ ዕይታ በሚወድቅበት ቦታ ላይ ነው። ፈላስፋው ኢብን ሲና እግዚአብሔር በየጊዜው የሚፈራረቁትን ነጠላ ነገሮች የሚያውቀው በአጠቃላይ መንገድ ነው ብሎ አስተምሯል፤ ፀሐይ ስትጋረድ የሚያውቀው አሁን ተጋረደች፣ አሁን ተገለጠች እያለ ሳይሆን፣ የመጋረድን ምክንያቶችና ሕጎች ከዘላለም በማወቁ ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሣውና እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው የእስልምና ሊቅ አል-ገዛሊ «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተባለው መጽሐፉ ይህን ትምህርት አጥብቆ ተቃወመ፤ ፈላስፎቹን በክሕደት ከከሰሰባቸው ሦስት ነጥቦችም አንዱ ይህ ነበር። ተቃውሞው ከሥነ ፈለክ ይልቅ ስለ ሰው ነበር፤ እገሌ የሚባል ሰው ታዘዘ ወይስ አመፀ የሚለውን ነጠላ ነገር የማያውቅ አምላክ፣ ሰውን በጥቅሉ ቢያውቅም እገሌን ሊፈርድበት ወይም ሊምረው አይችልም። በዚህ ጽሑፍ ቋንቋ ሲነገር፣ አል-ገዛሊ የፈራው በትንሽ እስኬል የሚያይ አምላክን ነው። የወንጌሉ ትምህርትም ከዚህ ጋር ይገናኛል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ ድንቢጦችና ስለ ራስ ጠጉር የተነገረው፣ ለእግዚአብሔር ዕይታ ከቁጥር ወጥቶ የሚቀር ትንሽ ነገር እንደሌለ ለማስረዳት ነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን በሚኖሩባቸው በጉራጌ ከተሞች ሁለቱ ሃይማኖቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ በዚህ ነጥብ ላይ አማኞቻቸው የሚስማሙ ይመስላል።

ኢብን ሲናን ግን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ለእግዚአብሔር ዕውቀት ያቀረበው ገለጻ ለእግዚአብሔር ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ የሰውን ዕውቀት በትክክል ገልጿል። ሰው በሕግና በዓይነት ያውቃል፤ ሐኪም በሽታን፣ ዳኛ ወንጀልን፣ መንግሥት ሕዝብን በመደብ በመደብ ያውቃል። ያለ ማጠቃለል ሕክምናም ፍርድም አስተዳደርም አይኖርም። ስለዚህ ሰውን «ለምን ሁሉን አላየህም?» ብሎ መክሰስ የፍጥረት ልኩን መክሰስ ነው። ክሱ የሚጸናው በሌላ ቦታ ነው፤ አንድ ሰው ካየበት እስኬል በላይ በጠራ እስኬል ሲፈርድ፣ ማለትም በ1፡2,000,000 አይቶ በ1፡2,000 ሲወስን ያን ጊዜ ተጠያቂ ይሆናል። በግድግዳው ካርታ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር በመሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ያንን መስመር ይዞ የትኛው ቤት በየት ወገን እንደሚወድቅ የሚናገር ሰው፣ ካርታው ያልነገረውን ከራሱ ጨምሮ በካርታው ስም ይናገራል። የተገላቢጦሹም ጥፋት ነው፤ አንድን መንደር አብጠርጥሮ ያየ ሰው ያንኑ አስፍቶ የአገር ሁሉ መልክ ሲያደርገው፣ የፍራ ማውሮን ስሕተት ይደግማል፣ ያውም የፍራ ማውሮን ቅንነት ሳይይዝ።

በአታት ሆስፒታል የሚገኘው የእናቶች ማቆያ ይህን ልዩነት በተግባር ያሳያል። ማቆያው አስጊ እርግዝና ያለባቸው ሴቶች የመውለጃቸው ጊዜ ሲቃረብ አስቀድመው መጥተው በሆስፒታሉ ግቢ የሚቆዩበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ የወለዱ 24,148 ሴቶችን የመረመረ፣ በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከእነዚህ 6,805ቱ በማቆያው በኩል የመጡ ነበሩ። በእነርሱ ዘንድ የእናቶች ሞት በየ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 90 ገደማ ሲሆን፣ በቀጥታ ከቤታቸው በመጡት ዘንድ ከ1,300 በላይ ነበር። ከቤታቸው በቀጥታ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከከፋ በኋላ ስለሆነ፣ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠት አይገባም፤ ቢሆንም ቁጥሩ የሚናገረው ነገር አለ። በካርታ ላይ ከሆስፒታሉ 20 ኪሎ ሜትር የራቁ ሁለት ቤቶች እኩል ናቸው፤ አንደኛው በመንገድ ዳር፣ ሌላው ከሸለቆ ማዶ መሆኑን፣ ሴቲቱ ምጥ የጀመራት በቀን ይሁን በሌሊት፣ በበጋ ይሁን በክረምት፣ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረቤት ይኑር አይኑር ካርታው አያውቅም። ማቆያው እነዚህን ሁሉ ለመለካት አልሞከረም፤ ሴቲቱን ራሷን ከርቀቱ አስቀድሞ አወጣት። ይህ የተሻለ ካርታ ከመሥራት የተለየ ብልሃት ነው፤ ካርታው የማይመሰክርበትን ነገር ለይቶ ማወቅና ፍርዱን በዚያ ላይ አለማቆም ነው።

በተራራው ማዶ በቡታጅራ የተደረገው ደግሞ ከሌላው ጫፍ የሚነሣ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመሩት የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ፣ በውስጣቸው ያለውን ሰው ቤት ለቤት መዝግቦ፣ ከዚያ በኋላ የሚወለደውን፣ የሚሞተውን፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ሲከታተል ቆይቷል። በአብዛኛው የልደትና የሞት መዝገብ ባልነበረበት አገር፣ ሞት በቁጥር ሳይሆን በየቤቱ የታየበት ብርቅ ቦታ ሆነ፤ ከዚህ መዝገብም ስለ ሕፃናት ሞትና ስለ አእምሮ ሕመም በዓለም የሚጠቀሱ ብዙ ጥናቶች ወጡ። አደጋው ያለው በሚጠቅሰው ሰው ዘንድ ነው። አሥር ቀበሌዎች የኢትዮጵያ ገጠር አይደሉም፤ የመረጧቸው ተመራማሪዎችም እንዲህ አላሉም፣ አመራረጣቸውንም ገልጸው ጽፈዋል። ነገር ግን ጥናቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ «በቡታጅራ» የሚለው ይወድቅና «በኢትዮጵያ» የሚለው ይተካል፤ ይህም የካርታን ግርጌ ቆርጦ መጣል ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠር ኢትዮጵያ ለረሃብ መጋለጥ ባጠኑበት ሥራ ረሃብን በአውራጃ ደረጃ መከታተላቸው ከዚህ አንጻር ሊመሰገን ይገባል፤ በአገር አማካይ ምርት የማይታየው ረሃብ በአውራጃ ዝርዝር ይታያልና። አማካይ ማለት ራሱ እስኬል ነው፤ የጠገበው አውራጃና የተራበው አውራጃ በአንድ ቁጥር ሥር ሲገቡ፣ ቁጥሩ ሳይዋሽ ረሃቡ ይጠፋል።

በእጅ ስልክ የሚታየው ካርታ ይህን ሁሉ አወሳስቦታል። በስክሪን ላይ ያለ ካርታ በሁለት ጣት ሲለጠጥ ያድጋል፤ እስኬሉ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ በግርጌ የተጻፈ ቋሚ ቁጥር የለውም፣ ቢኖርም የሚያየው ጥቂት ነው። ተመልካቹ ባሰፋው ቁጥር ዝርዝር የጨመረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከ1፡250,000 ካርታ የተገለበጠ የወንዝ መስመር እስከ ደጃፍ ድረስ ቢለጠጥም ያው የ1፡250,000 መስመር ነው፣ ስሕተቱም አብሮት ይለጠጣል። የቀድሞው ወረቀት ሲያጥር አለመቻሉን ያስታውቅ ነበር፤ የዛሬው ስክሪን ግን አለማወቁን አጥርቶ ያሳያል። ተመልካቹ ያለበትን ቦታ የምታመለክተው ሰማያዊዋ ነጥብ በአንድ ሰው የእንሰት ማሳ መካከል ቆማ ስትታይ፣ ነጥቧ በብዙ ሜትር ልትሳሳት እንደምትችል የሚያስብ ብዙ አይደለም።

በአንጻሩ የገጠር መሬት ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ የተሠራበት ዘዴ የእስኬልን ልክ የተረዳ ነው። ማሳው ከአየር በተነሣ ምስል ላይ ይታያል፤ ይሁን እንጂ ወሰኑ በምስሉ ብቻ አይሠመርም። ምስሉ በ1፡2,000 ልክ ታትሟል ቢባል፣ የሩብ ሚሊ ሜትር መስመር በመሬት ላይ ግማሽ ሜትር ነው፤ በዚያ ግማሽ ሜትር ላይ አንድ ረድፍ እንሰት ይቆማል፣ አንድ ረድፍ እንሰትም ጎረቤትን ከጎረቤት ለማጣላት ይበቃል። ስለዚህ ባለይዞታውና ወሰንተኞቹ በቦታው ተገኝተው፣ በሚያውቋቸው ሰዎች ፊት ወሰኑን እየረገጡ ያመለክታሉ፤ ባለሙያውም በምስሉ ላይ ይከተላቸዋል፣ ካልተስማሙም መስመሩን ሳያሠምር ጉዳዩን በክርክር መዝግቦ ለሚዳኙት ያስተላልፋል።